ጎንደር ሲስተሮቿን ያስተማረችው በማን ገንዘብ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ መታት። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተንጣለለው ይህ ለም ሜዳ በዚያ ዓመት ወደ 7,000 የሚገመት ሰው አጣ። ክፉኛ የሚጎዳው ወባን በሰውነቱ ያልተለማመደው ደገኛ ነው፤ ለእርሻም ሆነ ለአጨዳ ወደ ሜዳው ወርዶ ታሞ ይመለሳል፣ አለዚያም እዚያው ይቀራል። ሐኪም ቤት አልጠፋም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ሆስፒታል ነበር። የጠፋው ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ፣ የደምቢያን ከተማ ኮላድባን አልፎ፣ በሽተኛውን ከቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው ነበር።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኮሌጁ ታሪክ ሲነገር የደምቢያው ወረርሽኝ እንደ መነሻ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን ነገሩን በግማሹ ነው የምቀበለው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር ተልእኮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ማን ምን እንደሚከፍል የተስማሙበት ዕቅድ በጥቂት ወራት ድንጋጤ ብቻ አይወለድም። ወረርሽኙ ቦታውን አጸናው፣ ጉዳዩንም አጣደፈው። ኮሌጁን ያስፈለገው ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ያንን ሒሳብ፣ በተለይም ነርሶቹን የሚመለከተውን ክፍል ነው።

ከጎንደር በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ የነርስ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አዲስ አበባ በሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ሁለተኛው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምራ፣ አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወጣትነቷ አረፈች። በስሟ ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ አገር የገንዘብ ማሰባሰቡን ዘመቻ የመራችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ከነነርስ ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የቆሙበት የገንዘብ ሥርዓት ከአውሮፓ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የተከፈተው የናይቲንጌል ትምህርት ቤት 45,000 ፓውንድ ገደማ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ነበር የተነሣው። ተማሪዎቹ ማደሪያ፣ ምግብና በዓመት 10 ፓውንድ ያገኙ ነበር፤ በምትኩ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ ሌሊት ያድራሉ። ሆስፒታሉ በርካሽ ጉልበት ያገኛል፣ ተማሪዋ ሙያ ታገኛለች፣ መዋጮው ደግሞ ክፍተቱን ይሞላል።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ትልቅ ሆስፒታልና ለጋስ ከተሜ ባለበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመጠኑም ቢሆን ሁለቱም ነበሩ። ለደምቢያ፣ ለወገራ፣ ለስሜን፣ ለበለሳ ግን የሚፈይደው አልነበረውም። በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ የሠለጠነች ነርስ አልጋ ወዳለበት ትሄዳለች፤ አልጋው ያለው ደግሞ ዋና ከተማው ነው።

ሐኪም ማስተማርስ? አገሪቱ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የራሷ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበራትም። ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ይህም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የብዙ ዓመት ወጪ ነው። የውጭ ምንዛሪው በአብዛኛው የሚመጣው ከቡና ሲሆን፣ ቡናው ከጦር ሠራዊቱ እስከ መንገዱ ሁሉም የሚሻማበት ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ የሚመለሰው ሐኪምም ደብረ ታቦር ወይም ደባርቅ ተቀመጥ ቢባል እሺ ማለቱ አጠራጣሪ ነው። በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይህን ያውቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም ከሌሎች አገሮች ልምድ ያውቁታል። ጎንደር ላይ የተወሰነው እንግዲህ የሐኪሙን ሥራ ለብዙ ሰው መከፋፈል ነበር፤ በአገር ውስጥ፣ ባነሰ ጊዜና ባነሰ ገንዘብ የሚሠለጥን ቡድን ማውጣት።

ቡድኑ ሦስት ዋና ሙያዎች ነበሩት። የጤና መኮንኑ መሪ ነው፣ በሽተኛም ያክማል። ሳኒተሪያኑ ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ ቄራውን ይይዛል። የኮሚኒቲ ነርሷ ደግሞ ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷን፣ ሕፃኑንና ክትባቱን ትይዛለች፤ ቤት ለቤትም ትዞራለች። የላቦራቶሪ ባለሙያም ይጨመርበታል። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ሕዝብ ያገለግላል፤ አንድ የጤና መኮንን፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ሳኒተሪያን ይመደቡለታል፤ ከሥሩ ደግሞ ድሬሰር የሚባሉ ረዳቶች የሚሠሩባቸው አነስተኛ የጤና ኬላዎች ይኖራሉ። ይህን ዕቅድ ለሚያነብ የታሪክ ተማሪ ልብ የሚያስደርገው አንድ ነገር አለ። የነርሷ ሥልጠና የተቀረጸው ነርስ ምን ማወቅ አለባት ከሚለው ጥያቄ ብቻ ተነሥቶ አይደለም። አንድ ወረዳ ምን ያህል ደመወዝ ሊሸከም ይችላል የሚለው እኩል ሚዛን ነበረው። ሁለት ዓመት ገደማ የሠለጠነች ነርስ ከሐኪም ደመወዝ ጥቂቱን ብቻ ትወስዳለች። በአንድ ሐኪም ደመወዝ አንድ ጤና ጣቢያ ሊቆም ይችላል።

አሁን ወደ ኪሶቹ እንግባ። የሚታዩት አራት ነበሩ።

የመጀመሪያው ሕንፃው ነው፤ በነፃ የተገኘ ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያኖች ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ለራሳቸው ሲሉ የሠሩት ሆስፒታል፣ መንገድና ሕንፃ ወራሪው ሲባረር ለአገሪቱ ቀረ። ይህ የጎንደር ዕድል ብዙ ጊዜ አይነገርለትም፤ ኮሌጁ ለምን ጎንደር ላይ ተከፈተ ለሚለው ግን ከወረርሽኙ ያላነሰ መልስ ነው። ሆስፒታል ከባዶ መሬት መሥራት ቢያስፈልግ ኖሮ ድርድሩ ከመሠረት ድንጋዩ ባላለፈ ነበር።

ሁለተኛው ኪስ የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1939 ዓ.ም. ነው። የድርጅቱ ድርሻ ሰው ነበር፤ መምህራን፣ አማካሪዎች፣ የነርስ አስተማሪዎች። ሦስተኛው ዩኒሴፍ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በነበረው የሥራ ክፍፍል ዕቃው የእርሱ ነው፤ የሥልጠና መሣሪያ፣ የጤና ጣቢያ ቁሳቁስ፣ መኪና። አራተኛው የአሜሪካ መንግሥት ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጋር በ1943 ዓ.ም. በተፈረመው የፖይንት ፎር የቴክኒክ ትብብር ስምምነት አማካይነት ገንዘብም ባለሙያም አመጣ።

አሜሪካኖቹ ስለነርስ ትምህርት ወጪ የራሳቸው ትኩስ ልምድ ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነርስ እጥረት ሲያስጨንቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የቦልተን ሕግ የሚባለውን አወጡ። የፌዴራል መንግሥቱ የተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ፣ የደንብ ልብስና የኪስ ገንዘብ ይችላል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ጦርነቱ እስኪያልቅ በሙያቸው ለማገልገል ቃል ይገባሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ120,000 የሚበልጡ ነርሶች በዚህ መንገድ ተመረቁ። ትምህርት በመንግሥት ገንዘብ፣ ምላሹ በአገልግሎት፤ ጎንደር ላይ የቆመውም ስምምነት በመሠረቱ ይኸው ነው። ከዋሽንግተን ተቀዳ እያልኩ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ተምሮ መንግሥትን ማገልገል ከዘመናዊ ትምህርት ጅማሮ ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። የሁለቱ አገሮች ሐሳብ ተገጣጠመ፣ ነገሩም ገራላቸው።

ከእነዚህ አራት ኪሶች ጀርባ የሚዘነጋው አምስተኛው፣ የኢትዮጵያ ግምጃ ቤት ነው። ለጋሾች ለሚታይ ነገር ይከፍላሉ፤ ለማይክሮስኮፕ፣ ለላንድሮቨር፣ ለሁለት ዓመት ውል ለሚመጣ ባለሙያ። ገንዘቡ የሚያልቀው ግን በየዕለቱ በሚያልቅ ነገር ላይ ነው። የማደሪያው እንጀራና ወጥ፣ የአንሶላው ሳሙና፣ የነጩ ጋዋን ጨርቅ፣ የጥበቃውና የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የተማሪዋ የኪስ ገንዘብ። እነዚህ ከብር የሚወጡ ናቸው፤ በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት ብር ከሃምሳ ሣንቲም ገደማ ነበር።

የነርሶቹ ትምህርት በዚህ ረገድ ከጤና መኮንኖቹ ትምህርት ይለይ ነበር። የኮሚኒቲ ነርስነት የሴቶች ሙያ ተደርጎ ነው የታቀደው። በጎንደር ደጋ ልጃገረድ ገና በልጅነቷ የምትዳርበት ዘመን ነው፤ ለንባብ የበቃች ሴት ማግኘት በራሱ ከባድ ነው፤ አግኝቶም ወላጅን ልቀቋት ማለት ሌላ ጣጣ ነው። ምልመላው ስለዚህ ትምህርት ቤት ባለባቸው ከተሞች ዙሪያ መሆን ነበረበት፤ ከሩቅ የመጣች ልጅ ደግሞ የግድ ማደሪያ ያስፈልጋታል፣ ማደሪያው አጥር፣ አጥሩ ጠባቂ፣ ጠባቂው አሳላፊና ተቆጣጣሪ እመቤት። ወንዱ ተማሪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ሊማር ይችል ይሆናል። ለሴቷ ማደሪያው የትምህርቱ አካል ነበር ማለት ይቻላል፤ ያለ እርሱ ወላጅ አይልክም። የነርስ ትምህርት ርካሽ ነው ሲባል ይህ አይቆጠርም።

ሒሳቡን ያቃለለው ሌላ ብልሃት ነበር፤ በእኔ ግምት ከመላው ዕቅድ የበለጠ ዋጋ ያለው ይህ ነው። ጤና ጣቢያው ራሱ ክፍል ሆነ። ተማሪዎቹ የተወሰነውን ጊዜ ጎንደር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ከዚያ በቡድን፣ ነርሷ ከጤና መኮንኑና ከሳኒተሪያኑ ጋር፣ ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። ኮላድባ ከእነዚህ መካከል ስሙ የሚነሣው ነው፤ ወረርሽኙ የፈጀው የዚያው የደምቢያ ዋና ከተማ። እዚያ አንድ ተማሪ ነርስ እናት ስታዋልድ አንዱ ብር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሚያክመውም የሚያስተምረውም ያው ነው። ለኮላድባ ገበሬ ጤና ጣቢያ ተከፈተለት፤ ለኮሌጁ ደግሞ የማይከራየው ላቦራቶሪ ሆነለት። መኪናው ከዩኒሴፍ፣ አስተማሪው ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ደመወዝና መድኃኒቱ ከሚኒስቴሩ፣ ጉልበቱ ከተማሪዎቹ። የትኛው ብር የትምህርት፣ የትኛው የሕክምና እንደሆነ ለመለየት የሚሞክር ሒሳብ ሠራተኛ ራሱን ያዞረዋል። የዕቅዱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነበር፤ ድክመቱም እንደዚያው።

ድክመቱ የታየው በየዓመቱ በሚመረቁት ቁጥር ነው። አንድ ተመራቂ ለግምጃ ቤቱ የትምህርት ወጪ ማብቂያ ሳትሆን የደመወዝ መጀመሪያ ናት። ነርሷ ስትመደብ ጤና ጣቢያ መኖር አለበት፣ ጤና ጣቢያው ቤት፣ መድኃኒትና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ እርሷም ወር በገባ ደመወዝ ትፈልጋለች። ኮሌጁ በሠራ መጠን የሚኒስቴሩ የመደበኛ በጀት ጫና ያድጋል። ለጋሾች ለዚህ አይከፍሉም፤ ከፍለውም አያውቁም።

መንግሥት ለዚህ ያገኘው መልስ ግብር ነው። በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ታወጀ፤ ቀደም ሲል በ1940 ዓ.ም. ከታወጀው የትምህርት ግብር ጋር በመሬት ላይ የሚጣል ሆነ። የጤና ግብሩ በታወጀበት ዘመን ወባ እንደገና ደጋውን እያመሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። የጤና ገንዘብ ያስፈልጋል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ክርክር አልነበረም።

የጎንደር ታሪክ እንግዳ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ መድቦ ለእያንዳንዱ ጋሻ ተመን ሲያወጣ፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተዋቸው። የርስት ባለቤቱ የበጌምድር ገበሬ መሬቱ እንዳይለካበት ይፈራል፤ ከተለካ ይመዘገባል፣ ከተመዘገበ ይወሰዳል ብሎ ያምናል። መንግሥትም ገበሬውን ይፈራል። ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ስታምፅ ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበረ ታየ። ስለዚህ የኮሌጁ መቀመጫ የሆነው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ለግምጃ ቤቱ የሚያስገባው የመሬት ግብር ከደቡቡ ገባር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። የኮላድባን ጤና ጣቢያ ደመወዝ ከሚከፍለው ብር ብዙው ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ገበሬ ጫንቃና ከጉምሩክ ኬላ የመጣ ነው። ይህን ስጽፍ የጎንደርን ገበሬ መውቀሴ አይደለም፤ መሬቱን መጠበቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ጎንደር ላይ ኮሌጅ ያቆመው የጎንደር ሀብት ነው ብለን እንዳንኩራራ ሒሳቡን ማወቅ ደግ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የጎንደሩ ኮሌጅ ከአካላቱ አንዱ ሆነ። በክብር ረገድ እድገት ነው፤ በገንዘብ ረገድ ግን ፍቺ ሊባል ይችላል። እስከዚያ ድረስ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ከአንድ ሚኒስቴር ጥላ ሥር ነበሩ። አሁን ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ጤና ጣቢያው የጤና ጥበቃ ሆኖ ቀረ። አንዱ ብር ሁለት ሥራ የሚሠራበት ዘዴ ከሁለት ቢሮዎች ስምምነት የሚጠይቅ ሆነ፤ መኪና ሲበላሽ ማን ይጠግነው፣ ተማሪዎቹ የሚያድሩበትን ቤት ማን ያድሰው የሚሉ ጥያቄዎች መልሳቸው ከአንድ ጠረጴዛ አይወጣም። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ ተዋረድ አለው። ዲግሪ የሚያገኘው የጤና መኮንን ከዩኒቨርሲቲው መንፈስ ጋር ይስማማል፤ ከዲግሪ በታች የምትመረቀው ነርስ ግን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታናሽ ናት። ጤና ጣቢያው ላይ እኩል አስፈላጊ የነበረችው በበጀት ጠረጴዛ ላይ ግን እኩል አልነበረችም።

ስለ ምሩቃኑ አገልግሎት ባላገሩ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። ነርሷን «ሲስተር» እያለ ጠራት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ወንዱን ባለሙያም ሆነ ድሬሰሩን «ሐኪሜ» አለው። በተመደበችበት ከተማ ደመወዝ በየወሩ የሚገባላት ሴት ብርቅ በነበረችበት ዘመን፣ ሲስተር ሆና መመለስ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደነበር መገመት አይከብድም። ታናናሾቿን ታስተምራለች፣ ለአባቷ ጋቢ ትገዛለች። መንግሥት በእርሷ ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ በዚህ መንገድ ወደ ስንት ቤት እንደተከፋፈለ የሚመዘግብ መዝገብ የለም።

ከአብዮቱ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር ላይ በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ፤ ኮሌጁም የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆነ። የጤና መኮንን ሥልጠናው ቆመ። የጀርመን መምህራን መጡ፤ ወጪያቸውን የሚችለው በአብዛኛው አገራቸው ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥታት አልማ አታ ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን የዓለም መርሕ ሲያደርጉ፣ ማለትም ጎንደር ከ24 ዓመት በፊት የጀመረችውን ሲያጸድቁ፣ ጎንደር በተቃራኒው ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪም ማስተማሩ ስሕተት ነበር አልልም፤ አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ነበር። ሆኖም የለጋሹ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀው የሐኪም ትምህርትን ስለነበረ ገንዘቡም ወደዚያው ፈሰሰ። አሜሪካና የዓለም ጤና ድርጅት ሲከፍሉ የጤና ጣቢያ ቡድን ነበር፤ ላይፕሲግ ስትከፍል ፋኩልቲ ሆነ። ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ከካርታ ስትጠፋ ትብብሩም አብሮ ቀረ።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1992 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የጤና መኮንን ሥልጠና ተመለሰ፤ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነርስ የሚያሠለጥነው እርሱ ብቻ አልነበረም። የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጆች ተከፍተዋል፤ የግል ኮሌጆችም በየከተማው ሰሌዳ ሰቅለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጎንደር ወላጅ ልጁን ነርስ ለማድረግ በየወሩ ከኪሱ የሚከፍልበት ገበያ መጣ። በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ ወጥቶለት፣ ዐረብ አገር ያለች እህት ልካለት ይከፍላል። ኮሌጁ ክፍል፣ ሰሌዳና መምህር ሊገዛ ይችላል፤ በሽተኛ ግን ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ የግሉም የመንግሥቱም ተማሪ ለልምምድ ወደዚያው የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ይሄዳል። አንዲት ምጥ የያዛት እናት አልጋ ዙሪያ የሦስት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሲቆሙ፣ አዋላጇ ነርስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሁሉም አስተማሪ ሆና ታገኟታላችሁ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሒሳብ መዝገብ ላይ ያልተጻፈው ወጪ ይህ ነው፤ ዛሬም አልተጻፈም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለውም ተማሪ ከክፍያ አላመለጠም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን ሥርዓት አመጣ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይመልሳል። በየዓመቱ ውል ይፈርማል። የቀድሞዋ የኮሚኒቲ ነርስ ለትምህርቷ የመለሰችው በአገልግሎት ነበር፤ የተመደበችበት ሄዳ በመሥራት። የዛሬዋ በገንዘብ ትጠየቃለች። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ቁጥር በእጥፍ በእጥፍ እያደገ መንግሥት ሁሉንም ብቻውን ሊሸከም አይችልም፣ ዲግሪ የያዘ ሰው የተሻለ ይከፈለዋልና ይመልስ የሚል። ይህ ክርክር ለመሐንዲስና ለሒሳብ ሠራተኛ ይሠራ ይሆናል። ነርስን ግን በዋናነት የሚቀጥራት ያው የከፈለላት መንግሥት ነው፤ ደመወዟንም የሚወስነው እርሱ ነው። በአንድ እጁ አበድሮ በሌላው የመመለሻ አቅሟን ይለካል።

ከአሮጌው ዕቅድ የቀረ አንድ ነገር አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎቹን ከየጤና ሙያው ቀላቅሎ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች መላኩን አልተወም። ነርሱ፣ አዋላጁ፣ የጤና መኮንኑ፣ የአካባቢ ጤናና የላቦራቶሪ ተማሪው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ የቀበሌውን ችግር አጥንተው ዕቅድ ያወጣሉ። ኮላድባ ዛሬም በዝርዝሩ ውስጥ ናት። ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ዳባት አለች፤ ዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ጤናን በቋሚነት የሚከታተልበት የምርምር ጣቢያ ያላት። ለነርስ ትምህርት ከሁሉ የላቀው ክፍል ይህ እንደሆነ አምናለሁ። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚነካውም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ነዳጅ፣ አበልና የቤት ኪራይ ይፈልጋል። ሰሌዳ ፊት ለማስተማር ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የተለያዩ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ነርሶች ጭምር፣ ለመንግሥት ያቀረቡት ጥያቄ መልስ አላገኘም ብለው ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቹ ዋነኛው የደመወዝ ማሻሻያ ነበር። የወጪ መጋራቱ ዕዳ በየወሩ የሚቆረጠውም ከዚሁ ደመወዝ ላይ ነው።